ሙድል ላይ ኮርስ ማደራጀት፦ ተማሪው በስልኩ ከፍቶ የሳምንቱን ሥራ ወዲያው እንዲያገኝ

ሙድል አስተማሪ የኮርሱን ኖት፣ አሳይመንትና ኩዊዝ ለተማሪ በኢንተርኔት የሚያቀርብበት ሲስተም ነው፣ ብዙ የሙድል ኮርስ ፔጅ ግን ስትከፍቱት የፋይል መጋዘን ነው ሚመስለው። ቻፕተር ዋን ፒዲኤፍ፣ ቻፕተር ቱ ፓወርፖይንት፣ ከዛ ስሙ "ኒው" ብቻ የሆነ ፋይል፣ ከሥሩ ያለፈው ዓመት አሳይመንት ከነቀኑ። አስተማሪው የትኛው የት እንዳለ ስለሚያውቅ ችግሩ አይታየውም፣ ተማሪው ግን ዶርም ሆኖ በስልኩ ሲከፍተው ሚፈልገው 3 ነገር ነው፦ በዚህ ሳምንት ምን ልሥራ፣ እስከ መቼ፣ ከስንት ይያዛል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በሙሉ ለነዚህ 3 ጥያቄዎች በአንድ እይታ መልስ እንዲገኝ ተብሎ የተሰናዳ ነው።

ሙድል እንደሚታወቀው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፣ የመጀመሪያው ቨርዥን የወጣው በፈረንጆች 2002 ሲሆን እኛ አገርም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ሰርቨር ላይ ጭነው ይጠቀሙበታል። በ2022 ከወጣው 4.0 ጀምሮ የበተኖቹ ቦታ ስለተቀየረ እዚህ የምጠቅሰው አዲሱን ነው፣ የድሮውን ምትጠቀሙ ቦታውና ስሙ ትንሽ ሊለይባችሁ ይችላል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው። ለምሳሌ ኢንትሮዳክሽን ቱ ስታቲስቲክስን እወስዳለሁ ምክንያቱም ከሞላ ጎደል ሁሉም ዲፓርትመንት ይወስደዋል፣ ተማሪም ይፈራዋል።

1ኛ፦ ሙድልን ሳትከፍቱ ወረቀት ላይ ጀምሩ

ኮርስ አውትላይናችሁን አውጡና 4 አምድ ያለው ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ሳምንት፣ ተማሪው በሳምንቱ መጨረሻ ምን መሥራት ይችላል፣ ምን ያነባል ወይ ያያል፣ ምን ሠርቶ ያስገባል። ሁለተኛው አምድ ላይ "ስለ ሴንትራል ቴንደንሲ ያውቃል" ብላችሁ አትጻፉ፣ ማወቁን በምን ታዩታላችሁ? "ግሩፕድ ዳታ ተሰጥቶት ሚን፣ ሚዲያንና ሞድ ያወጣል፣ ደሞዝ ላይ ለምን ሚዲያን እንደሚሻል ያስረዳል" ቢባል ግን ኩዊዙም መልመጃውም ከዛው ዓረፍተ ነገር ይወጣላችኋል።

አውትላይኑ በቻፕተር ነው የተከፈለው፣ የተማሪው ኑሮ ግን በሳምንት ነው። ፕሮባቢሊቲ ቻፕተር 2 ወይ 3 ሳምንት ይወስዳል፣ ስለዚ 60 ገጹን አንድ ላይ ከመጫን ለየሳምንቱ የሚሆነውን ቆርጣችሁ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ጋ ሰዓቱንም አስሉት። 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪው የሥራ ሰዓት የሚለካበት ክሬዲት) ኮርስ 135 ሰዓት ነው፣ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 8 ሰዓት ከምናምን ይመጣል፣ ከዛ ላይ ሌክቸሩና ቲቶሪያሉ ሲቀነስ ተማሪው ብቻውን የሚሠራበት 3 ሰዓት አካባቢ ነው የሚተርፈው። በዛ 3 ሰዓት ውስጥ 40 ገጽ ንባብ፣ የ1 ሰዓት ቪዲዮ እና የግሩፕ አሳይመንት አይገባም። ሁሉም ካልገባ የቱን እንደሚሠራ ተማሪው ራሱ ይመርጣል፣ ሚመርጠው ደሞ ማርክ ያለውን ብቻ ነው፣ ንባቡ ይቀራል።

2ኛ፦ ፎርማትና ሴክሽን

ኮርሱ ውስጥ ሴቲንግስ ግቡና ኮርስ ፎርማት የሚለውን ክፈቱ። ዊክሊ የሚለው በየሳምንቱ ቀን ራሱ እየጻፈ ይከፋፍልላችኋል፣ ያምራል፣ ግን ሬጅስትሬሽን ሲራዘም ወይ ሴሚስተሩ መሃል ላይ ሳምንት ሲዘለል ቀኑ ሁሉ ይዛባል። ስለዚ ቶፒክስ የሚለውን ምረጡ፣ አዲሶቹ ቨርዥኖች ላይ ከስተም ሴክሽንስ ይላል፣ ከዛ ስሙን ራሳችሁ "ሳምንት 4፦ ሚን ሚዲያን ሞድ" ብላችሁ ጻፉ። "ሳምንት 4" መጀመሪያ ይምጣ ምክንያቱም ስልክ ላይ ረጅም ስም መጨረሻው ይቆረጣል።

ኮርስ ሌይአውት የሚል ምርጫ አለ፣ እዛ ላይ አንድ ሴክሽን በአንድ ፔጅ የሚለውን እኔ እመርጣለሁ፣ ኔትወርክ ቀርፋፋ ሲሆን 16ቱንም ሳምንት አንዴ ከመጫን የሚፈልገውን ብቻ ይከፍታል።

ከላይ ያለው ጀነራል የሚባለው ሴክሽን ላይ ብዙ ነገር አትከምሩ። አውትላይኑ፣ የማርክ አከፋፈሉ፣ ቢሮና የማማከሪያ ሰዓት፣ አናውንስመንት፣ እና አንድ የጥያቄ ፎረም፣ በቃ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ረጅም ጽሑፍና ትልቅ ፎቶ ተማሪውን በየቀኑ ወደ ታች እያስኬደው ነው የሚያደክመው፣ አንዴ ካነበበው በኋላ ጥቅሙ ያልቃል።

3ኛ፦ ሁሉም ሳምንት አንድ ዓይነት መልክ ይኑረው

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይሄን አትተዉ። ተማሪው ሳምንት 2ን ካየ በኋላ ሳምንት 9 ላይ ምን የት እንዳለ ሳይፈልግ ማወቅ አለበት። ከላይ በስተቀኝ ኤዲት ሞድን አብሩና መጀመሪያ ቴክስት ኤንድ ሚዲያ ኤሪያ የሚለውን ጨምሩ፣ ድሮ ሌብል ይባል የነበረው ነው። እሱ ላይ ከ4 መስመር ያልበለጠ ጻፉ፣ ለምሳሌ እንዲ፦

"በዚህ ሳምንት ግሩፕድ ዳታ ይዛችሁ ሚን፣ ሚዲያን እና ሞድ ታወጣላችሁ። መጀመሪያ ኖቱን አንብቡ፣ 14 ገጽ ነው። ከዛ መልመጃውን ሥሩ፣ ማርክ የለውም። ኩዊዝ 2 እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ከምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው፣ ከ5 ይያዛል።"

አያችሁ፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ከስንት፣ ሦስቱም አለ። ከሥሩ ያሉትን ነገሮች ደሞ ስማቸውን በሚደረገው ነገር ጀምሩት፦ "አንብቡ፦ የሳምንት 4 ኖት"፣ "ተለማመዱ፦ 6 ጥያቄ"፣ "አስገቡ፦ ኩዊዝ 2"፣ እና ግዴታ ያልሆነውን "ተጨማሪ፦" በሉት። ይቺ "ተጨማሪ" የምትለዋ ትልቅ ሥራ ትሠራለች ምክንያቱም ተማሪው ሁሉም ነገር ግዴታ ሲመስለው ነው ሁሉንም ጥሎ ከጓደኛ ኖት ፎቶ የሚያነሳው።

የፋይሉ የራሱ ስምም አለ። ተማሪው ሲያወርደው ስልኩ ዳውንሎድ ውስጥ ከ5 ሌላ ኮርስ ፋይል ጋ ይደባለቃል፣ እና ሁሉም "ቻፕተር 2" ከሆነ የፈተና ሰሞን የቱ የማን እንደሆነ አያውቀውም። የኮርሱ ኮድ፣ የሳምንቱ ቁጥር፣ ርዕሱ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ቁጥሩን 4 ሳይሆን 04 ብላችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ ብዙ ስልክ ላይ 10 ከ2 በፊት ይመጣል።

አንድ ሳምንት ሙሉ በሙሉ ጨርሱና ሌላውን ከሱ ቅዱ። አዲሶቹ ቨርዥኖች ላይ ሴክሽኑን እንዳለ ዱፕሊኬት ማድረግ ይቻላል፣ የድሮዎቹ ላይ አንድ በአንድ አክቲቪቲውን ዱፕሊኬት እያደረጋችሁ መጎተት ነው። ገና ያላለቀውን ሳምንት ሃይድ አድርጉት፣ ባዶ ሴክሽን ተማሪ ከሚያይ ባያየው ይሻላል።

4ኛ፦ ለየትኛው ነገር የትኛውን ሪሶርስ

አድ አን አክቲቪቲ ኦር ሪሶርስ የሚለውን ስትነኩ ብዙ ምልክት ይመጣል፣ ለይዘት የሚያስፈልጋችሁ 5ቱ ናቸው።

ፔጅ የሚለው ጽሑፍ በቀጥታ የሚጻፍበት ነው። ስልክ ላይ ከስክሪኑ ስፋት ጋ ራሱን ያስተካክላል፣ መጎተት ማስፋት የለም፣ ከፒዲኤፍ በጣም ይቀላል። አጭር ኖት፣ ምሳሌ ከነአሠራሩ፣ የአሳይመንት መመሪያ እዚህ ይግባ። ቡክ የሚለው የፔጅ ረጅሙ ነው፣ በንዑስ ርዕስ ይከፋፈላል፣ ሃይፖቴሲስ ቴስቲንግን የመሰለ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ርዕስ ላይ ይመቻል። ፋይል የሚለውን ፕሪንት ሊደረግ ለሚችል ነገር ተጠቀሙት፣ ዜድ ቴብልና ቲ ቴብል ለምሳሌ። ፎልደር ደሞ አብረው የሚሄዱ ነገሮችን ለመሰብሰብ ነው፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች አንድ ፎልደር ውስጥ ቢሆኑ በአንድ ጊዜ ዚፕ ሆኖ ይወርዳል። ዩአርኤል የሚለው ለውጪ ሊንክ ነው።

ፓወርፖይንት እንዳለ አትጫኑ። ኮምፕረስ ፒክቸርስ የሚለውን ተጠቅማችሁ ፎቶዎቹን አሳንሱና ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አውጡት፣ መጠኑም ይቀንሳል ስልኩ ላይ ፓወርፖይንት የሌለውም ይከፍተዋል። በአማርኛ የተዘጋጀ ሃንድአውት ያላችሁ ደሞ ይቺን ልብ በሉ፣ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ አማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ዶክመንት ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ የማይነበብ ምልክት ብቻ ነው የሚሆነው። ወደ ፒዲኤፍ መቀየሩ ለዓይን ያስተካክለዋል፣ ግን ሰርች አይደረግም ኮፒም ሲደረግ ይበላሻል፣ ስለዚ ጊዜ ካላችሁ በዩኒኮድ (ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም በሚያውቀው የፊደል አሠራር) እንደገና ማስጻፉ ነው ዘላቂው።

ይሄ ነገር ዓይነ ስውር ተማሪዎቻችን ላይ ይከፋል። ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪን ላይ ያለውን በድምጽ የሚያነብላቸው ፕሮግራም፣ ጽሑፍን እንጂ ፎቶን አያነብም፣ ከመጽሐፍ ላይ በስልክ ተነስቶ ፒዲኤፍ የተደረገ ነገር ለነሱ ባዶ ወረቀት ነው፣ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈውንም ፊደል ብሎ አያውቀውም። ፔጅ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ግን ይነበብላቸዋል። ግራፍ ስታስገቡም ሙድል የፎቶውን መግለጫ ይጠይቃችኋል፣ "ግራፍ" ብላችሁ አትለፉት፣ "ሂስቶግራም፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ብዙው ዳታ ከ2,000 እስከ 4,000 መሃል" ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ለአንድ ተማሪ ግን ትምህርቱን መከታተል ወይ አለመከታተል ማለት ነው።

ቪዲዮ ሰርቨሩ ላይ አትጫኑ። ዩቲዩብ ላይ አንሊስትድ (ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ የሚያየው) አድርጋችሁ ሊንኩን አስገቡ፣ ዩቲዩቡ እንደ ኔትወርኩ ጥራቱን ራሱ ዝቅ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ ግን ቪዲዮውን ማየት ያልቻለ ተማሪ ምንም እንዳያመልጠው ዋናውን ሃሳብ ፔጅ ላይ ድገሙት። ድምጽ ብቻ በቂ ከሆነ ደሞ ድምጽ ቅዱ፣ ኤምፒስሪ በ64 ኪሎቢት ሲቀመጥ ደቂቃው ግማሽ ሜጋ አካባቢ ነው፣ የ10 ደቂቃ ማብራሪያ 5 ሜጋ፣ ይሄን ማንም በፓኬጁ ያወርደዋል።

ኦፍላይን የሚለውንም አስቡበት። የሙድል ሞባይል አፕ አለ፣ ተማሪው ግቢ ዋይፋይ ላይ ሆኖ የሳምንቱን ሴክሽን ዳውንሎድ ካደረገ ዶርም ሄዶ ያለ ኢንተርኔት ያነባል። ፔጅ፣ ቡክ፣ ፋይል ሁሉም ይወርዳሉ፣ የዩቲዩብ ሊንክ ግን አይወርድም። የመለማመጃ ኩዊዝ እንኳን ኦፍላይን መሥራት ይቻላል፣ ኩዊዙ ሴቲንግ ውስጥ በሞባይል አፕ ኦፍላይን ይሠራ የሚል ምርጫ አለ፣ ብቻ የጊዜ ገደብ ያለው ኩዊዝ ላይ አይሆንም፣ መልሱንም መጨረሻ ላይ ነው የሚያሳየው። አፑ እንዲሠራ የሞባይል ሰርቪሱ በአድሚን መከፈት ስላለበት ሴሚስተር ሳይጀመር አይሲቲ ክፍሉን ጠይቁ።

5ኛ፦ ቀንና ሰዓት

ሙድል በፈረንጅ ካላንደርና በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፣ እኛና ተማሪዎቻችን በኢትዮጵያ። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል ግን ማርክ ያስቀራል። ብዙ ሰው ዴድላይን 23፡59 ላይ ያደርጋል፣ እሱ በኛ ከሌሊቱ 5፡59 ነው፣ ተማሪው "11፡59 ፒኤም" የሚለውን አይቶ ንጋት 11 ሰዓት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። መፍትሄው ሁለት ነው። ዴድላይኑን ሰው ሁሉ ነቅቶ ያለበት ሰዓት ላይ አድርጉት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለትም ሙድል ላይ 21፡00፣ እና ዲስክሪፕሽኑ ላይ ሁሌ በሁለቱም ካላንደር ጻፉት፦ "ዓርብ ኅዳር 19፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 28፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት"። ኅዳር 19 በ2018 ነው ኖቬምበር 28 ላይ የሚውለው፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት አንድ ቀን ስለሚንሸራተት በየዓመቱ ካላንደር አይታችሁ አረጋግጡ።

የጊዜ ዞኑም አፍሪካ አዲስ አበባ መሆኑን ፕሮፋይላችሁ ላይ እዩ፣ ሌላ ላይ ከሆነ እናንተ 21፡00 ብላችሁ የሞላችሁት ለተማሪው ሌላ ሰዓት ሆኖ ነው የሚታየው።

አሳይመንት ላይ ሁለት የተለያየ ቀን አለ፣ ዱ ዴት እና ከት ኦፍ ዴት። ዱ ዴቱ ካለፈ ሙድል "ዘግይቷል" ብሎ ይቀበላል፣ ከት ኦፍ ዴቱ ካለፈ ግን ጨርሶ ይዘጋል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ በሁለቱ መሃል 2 ቀን ክፍተት ተዉ፣ ተማሪው በኢሜይልና በቴሌግራም ከሚለምናችሁ ራሱ ሲስተሙ ይፍታው፣ ዘግይቶ ያስገባውን ምን እንደምታደርጉት እናንተ ትወስናላችሁ።

6ኛ፦ ኮምፕሊሽንና ሪስትሪክት አክሰስ

አክቲቪቲ ኮምፕሊሽን ማለት ተማሪው የጨረሰው ነገር ላይ ምልክት የሚደረግበት ነው። ለንባብ ተማሪው ራሱ "ጨርሻለሁ" ብሎ እንዲነካ አድርጉት፣ ለኩዊዝና ለአሳይመንት ሲያስገባ ራሱ እንዲመዘገብ። እናንተም ሪፖርቱ ላይ ማን ከየትኛው ሳምንት ጀምሮ እንደጠፋ ታያላችሁ፣ ይሄ ደሞ ሚድ ደርሶ ውጤት ከማየት በፊት ተማሪውን ለመጥራት ያስችላል።

ሪስትሪክት አክሰስ፣ ማለትም አንድን ነገር በቅድመ ሁኔታ መቆለፍ፣ ግን በጥንቃቄ። "ሳምንት 3ን ያልጨረሰ ሳምንት 4ን አያይም" ማለት ጥሩ ዲሲፕሊን ይመስላል፣ ታሞ ወይ ቤተሰብ ጋ ሄዶ አንድ ሳምንት የቀረ ተማሪን ግን ከኮርሱ ሙሉ በሙሉ ያስወጣዋል። የሚነበብ ነገር አትቆልፉ። የምትቆልፉት ካለ ኩዊዝ ብቻ ይሁን፣ እሱም መልመጃውን ከሞከረ በኋላ እንዲከፈት።

7ኛ፦ ግሬድቡክ

ግሬድቡክ ሙድል የተማሪውን ማርክ ሰብስቦ የሚደምርበት ነው፣ ሥራው አጭር ነው። አውትላይናችሁ ኮንቲኒየስ አሰስመንት 50 ፋይናል 50 የሚል ከሆነ የእያንዳንዱን ማክሲመም ግሬድ በቀጥታ በሚያዝበት ሙሉት፦ 4 ኩዊዝ እያንዳንዱ 5፣ አሳይመንት 10፣ ሚድ 20፣ ፋይናል 50። ሙድል ሲጀመር ያለው ናቹራል የሚባለው አደማመር ዝም ብሎ ስለሚደምር 100 ይመጣላችኋል። ኩዊዙ 10 ጥያቄ ቢኖረውም ማክሲመሙን 5 ካላችሁት ውጤቱን ራሱ ከ5 ያሰላዋል። በወረቀት ለሚሰጠው ሚድና ፋይናል ግሬድ አይተም ጨምራችሁ በእጅ ትሞሉታላችሁ። ማርክ የሌለው መልመጃ ድምሩ ውስጥ እንዳይገባ ግን እዩ፣ ማክሲመሙን 0 ማድረግ ነው።

8ኛ፦ ቴሌግራሙን ምን እናድርገው

ተማሪው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ከዛ አታስወጡትም፣ ማስወጣትም አያስፈልግም። ግን ፋይል እዛ አትላኩ። ፋይል አንዴ ቴሌግራም ላይ ከሄደ ሁለት ቅጂ ሆነ ማለት ነው፣ ሙድል ላይ ስህተት ስታርሙ ቴሌግራም ላይ ያለው ስህተቱን እንደያዘ ይዞራል፣ ሬፑ (የክፍሉ ተወካይ) ሌላ ግሩፕ ይልከዋል፣ ከዛ ፈተና ላይ ሁለት ዓይነት ፎርሙላ ታያላችሁ። ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን ሴክሽን ሊንክ ከአንድ መስመር መልእክት ጋ ላኩ፦ "ሳምንት 4 ተከፍቷል፣ ኩዊዝ 2 ዓርብ ምሽት ያበቃል"። ተማሪ በውስጥ መስመር ጥያቄ ሲጠይቃችሁና ጥያቄው ለሁሉም የሚሆን ከሆነ መልሱን ፎረሙ ላይ ጽፋችሁ ሊንኩን ስጡት፣ የሚቀጥለው ጠያቂ እዛ ያገኘዋል።

9ኛ፦ እንደ ተማሪ ሆናችሁ እዩት

ከስማችሁ በታች ካለው ሜኑ ስዊች ሮል ቱ የሚለውን ነክታችሁ ስቱደንት ምረጡ። የተደበቀው ተደብቋል? ኩዊዙ ይከፈታል? ከዛ ደሞ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በስልክ ዳታ ክፈቱት፣ የትኛው ፋይል እንደሚከብድ ወዲያው ይታወቃችኋል። ከተቻለ ኮርሱን የማያውቅ ሰው ስልኩን ስጡትና "የዚህ ሳምንት ሥራ ምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁት፣ ፈልጎ ካጣው ሴክሽኑን እንደገና አስተካክሉ።

10ኛ፦ ለሚቀጥለው ባች

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያንኑ ኮርስ ሪሴት አድርጎ መጠቀም ይቻላል፣ ግን የተማሪው መልስና ያስገባው ነገር ይጠፋል፣ የግሬድ ቅሬታ ደሞ ከሴሚስተሩ በኋላም ይመጣል። ስለዚ አዲስ ባዶ ኮርስ እንዲከፈትላችሁ ጠይቁና ከአሮጌው ኢምፖርት አድርጉ፣ ይዘቱ ብቻ ይመጣል ተማሪው አይመጣም፣ አሮጌው እንዳለ ይቀመጣል። ከኢምፖርቱ በኋላ ያለፈው ዓመት ዴድላይን አብሮ ስለሚመጣ እያንዳንዱን አሳይመንትና ኩዊዝ ከፍታችሁ ቀኑን ቀይሩ፣ የሳምንቱ ማብራሪያ ላይ በጽሑፍ ያለውንም አትርሱ። ባክአፕ የሚለውን ደሞ ሴሚስተር ሳይጠናቀቅ አንዴ አውጥታችሁ የሚወጣውን የኤምቢዜድ ፋይል ፍላሽና ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ሰርቨሩ ሲቀየርም ሆነ እናንተ ዩኒቨርሲቲ ስትቀይሩ ያንን ፋይል ሪስቶር ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።